ሀያ ትንንሽ ጥፋቶች

«መጥረጊያ» የሚለውን ስም ያወጣላት ደላላው ነው። ለሽያጭ የተዘጋጀ ቤት ፎቶ ልታነሳ ስትሄድ መጀመሪያ ከቦርሳዋ የምታወጣው ካሜራውን ሳይሆን እጀታው ያጠረ መጥረጊያ ስለነበር ነው። ባለቤቶቹ ግር ይላቸዋል። አንዲት እመቤት «እኔ እኮ ጠርጌያለሁ» ብለው ቢቆጡ፣ «እርስዎ ለእንግዳ ጠርገዋል፤ እኔ የምጠርገው ለካሜራ ነው» አለቻቸው። እውነቷን ነው። እንግዳ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በበሩ ጥግ የተከማቸውን አቧራ ቢያይም እንዳላየ ይሆናል። ካሜራ ይሉኝታ የለውም።

ቤት ማንሳት የጀመረችው ዘግይታ ነው። ሀያ ዓመት ያህል አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ጉርድ ፎቶ ስታነሳና ስታሳምር ነበር የኖረችው። የሰው ጉንጭ ላይ ያለ ጠባሳ ታጠፋለች፣ ክራባት ታስተካክላለች፣ ኮት ለሌለው ደግሞ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የቤቱን ኮት ታለብሳለች። የሰፈሩ ወንድ ግማሹ መታወቂያው ላይ ያለው በዚያው በአንድ ኮት ነው። ኋላ ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆነና ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ባለቤቱ የሚከፍላት ቢያጣ የመጨረሻውን የሦስት ወር ደሞዟን በካሜራና በማቆሚያው አወራረደላት። እሷም «ከባዶ እጅ ይሻላል» ብላ ተሸክማ ወጣች።

ደላላው ያገኛት ያኔ ነው። ሁለት ስልክ በሁለት እጁ የሚይዝ፣ አንዱን እያናገረ በሌላው የሚጽፍ ሰው ነው። ድሮ ቤት የሚታየው በእግር ነበር፣ አሁን በአውራ ጣት ሆኗል ብሎ አስረዳት። ገዢው ስልኩን ወደ ላይ እየገፋ መቶውን ቤት በአንድ ሻይ ይጨርሰዋል። «አውራ ጣቱ ካልቆመ እግሩ አይመጣም» አላት። «ያንቺ ሥራ አውራ ጣቱን ማስቆም ነው። እግሩን ለኔ ተይው።»

ሥራዋን በሕግ ነው የያዘችው። ከቀኑ በፊት ባዶ እጇን አንድ ጊዜ ትሄዳለች፤ ፀሐይ በየትኛው መስኮት በስንት ሰዓት እንደምትገባ ለማየት። ቤት የራሱ ሰዓት አለው ትላለች፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ካነሱት ያንቀላፋል፣ ሰዓቱ ካለፈ ይደክመዋል። ካሜራውን የምታቆመው በደረቷ ልክ ነው። ከዓይን ከፍታ የተነሳ ክፍል ወለሉ ያብጣል፤ ዝቅ ካሉ ደግሞ ኮርኒሱ ሰው ላይ የሚወድቅ ይመስላል። ከበር አታነሳም፣ ከጥግ ነው። የግድግዳው ማዕዘን ግንበኛ ቱንቢ እንደጣለበት ቀጥ ካላለ ጣቷ ማንሻውን አይጫንም። አምፖል ወይ ሁሉም ይበራል፣ ወይ ሁሉም ይጠፋል፤ ቢጫውና ነጩ አንድ ላይ ሲበሩ ግድግዳው የወባ በሽተኛ ይመስላልና። ከበር ጀርባ የተንጠለጠለው ፌስታል፣ የመድኃኒት ብልቃጡ፣ የጥርስ ብሩሹ፣ የቀን መቁጠሪያው፣ ሁሉም ካርቶን ውስጥ ይገባል። የቤተሰብ ፎቶም ይወርዳል። ገዢ የሚፈልገው የራሱን ልጆች የሚሰቅልበት ግድግዳ እንጂ የሰው ልጆች ሲስቁበት ማየት አይደለም። የሽንት ቤቱ ክዳን ይዘጋል። ይኼን የሚረሳ ባለሙያ ስንት እንዳለ ብታውቁ ትገረማላችሁ።

አንድ ነገር ግን አታደርግም፤ አታጋንንም። ክፍሉን በሰፊ ሌንስ ለጥጦ አዳራሽ የሚያስመስል ሌላ አንሺ ነበር። በእሱ ፎቶ ተስባ የመጣች አንዲት ሴት ሳሎኑ መሀል ቆማ ዞር ዞር ብላ አየችና ደላላውን «የቀረው ግማሽ የት አለ?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደላላው ለመጥረጊያ ብቻ ነው የሚደውለው። የእሷ ፎቶ ሰውን በር ድረስ ያመጣዋል፤ በሩ ላይ ደርሶም አይመልሰውም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራች።

አሁን ወደ ቤተሰቧ። ሦስት ናቸው። ታላቅየው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሁለቱም እህቶቹ «ጋሼ» ይሉታል። ቀጥላ እትዬ፣ ልብስ ሰፊዋ። መጥረጊያ የመጨረሻዋ ናት። ሁለቱ የየራሳቸውን ጎጆ ቀልሰው ሲወጡ እትዬ ከእናታቸው ጋር ቀረች። የስፌት መኪናዋን ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ መስኮቱ ስር አቁማ ሀያ ሁለት ዓመት የሙሽራ ቀሚስ ሰፋችበት። የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት እናታቸው አልጋ ላይ ነበሩ፤ መርፌና ክኒን፣ ክርና ፎጣ በአንድ እጅ ይዛ ነው ያሳለፈችው።

እናታቸው ባረፉ በአሥረኛው ወር ጋሼ እህቶቹን እዚያው ቤት ሰበሰበ። ንግግሩ አጭር ነበር። ቤቱ የሦስታችን ነው፣ ዝም ብሎ ከሚያረጅ ይሸጥና ሁሉም ድርሻውን ይያዝ፤ እኔም መጋዘን ላሰፋ ነው፣ አልደብቃችሁም አለ። እትዬ ወለሉ ላይ የተበተኑ ስፒሎች እየለቀመች ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ትጨምር ነበር። ቀና ሳትል «እናንተ እንዳላችሁ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

መጥረጊያ ያንን «እናንተ እንዳላችሁ» ይዛ ሄደች። ሌሎች ሰዎች የሚያለቅሱበትን ነገር እትዬ ስፒል እየለቀመች ነው የምታልፈው ብላ አሰበች። ሄዳ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላ አልጠየቀቻትም። የምታውቀው መሰላት።

ፎቶውን ማን ያንሳ የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ደላላውም ያው የእሷ ደላላ ነው፣ ካሜራውም የእሷ። በተቀጠረው ቀን ማለዳ ስትደርስ መጥረጊያዋን ከቦርሳ ማውጣት አላስፈለጋትም። እትዬ መጋረጃውን አጥባ ተኩሳ ሰቅላለች። ወለሉን በሰም አሽታ አብርታለች። የስፌት መኪናውን ወደ ጓዳ ገፍታ በአንሶላ ሸፍናዋለች። ከዚያ ደግሞ የክት ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ ሰው እኮ አይነሳም» አለቻት።

«አውቃለሁ። ግን ቤቱ አምሮበት እኔ ከኋላ በሽርጥ ስንጎዳጎድ ደስ አይልም።»

የዚያ ቤት ሰዓት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። መጥረጊያ ልጅ ሆና ነው ያወቀችው፣ ሄዳ ማየት አላስፈለጋትም። ሁለት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በፊተኛው መስኮት ገብታ ወለሉን አቋርጣ እስከ ጓዳው በር ትደርሳለች። ካሜራውን ጥግ ላይ አቆመች፣ ጎንበስ ብላ አየች። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ዓይኗን ያዘው፤ መኪናው ከቆመበት ስፍራ ወለሉ ላይ አራት ትንንሽ ጉድጓዶች ቀርተዋል። እትዬ በሰም ልትደፍናቸው ሞክራ አልተሳካላትም። ይህቺ ሴት ከዚህ ወጥታ የት ነው የምትገባው ብላ አሰበች።

ማንሻውን አልተጫነችም። ትንሽ ልረፍ ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እትዬ ሻይ ላፍላልሽ አለቻት፤ አይ፣ ጎረቤት ሂጂና ተጫወቺ፣ ሰው ከኋላዬ ሲቆም ሥራ አይሆንልኝም ብላ ሸኘቻት። ብቻዋን ቁጭ ብላ ብርሃኑ ከጓዳው በር ወደ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ ወደ መስኮቱ ሲሸሽ አየች። ፀሐይዋ ጣራው ላይ ወጥታ ሳሎኑ አመድ እስኪመስል ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ ሥራ ጀመረች።

ጥፋት ማጥፋትም ሙያ ይጠይቃል። አንድ ትልቅ ጥፋት ካጠፋሽ ሰው የሚወቅሰው አንሺውን ነው። ሀያ ትንንሽ ጥፋት ካጠፋሽ ግን ቤቱን ይወቅሳል። መጋረጃውን ሩቡን ብቻ ከፈተች። ኮርኒሱ ላይ ነጩን አምፖል፣ ግድግዳው ላይ ቢጫውን አበራች። ካሜራውን ወደ በሩ ወሰደች፣ ዝቅ አደረገች፣ ማዕዘኖቹ በሁለት ጣት ልክ እንዲያዘምሙ ማቆሚያውን አጋደለች። ፍላሹን ፊት ለፊት የቁም ሳጥኑ መስታወት ላይ ለቀቀችው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባልዲውን ከጥግ አውጥታ መሀል አስቀመጠች፣ እርጥብ መወልወያ ጠርዙ ላይ አንጠለጠለች፣ የሽንት ቤቱን ክዳን ከፈተች። ጓዳው ላይ በአንሶላ የተሸፈነውን መኪና አስገብታ አነሳች፤ ሬሳ ይመስል ነበር። ሲያልቅ ሁሉን ነገር ወደ ቦታው መለሰች። እትዬ ስትመጣ ቤቱ እንዳስቀመጠችው ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሼ ፎቶዎቹን በስልኩ ለእትዬ አሳያት። እትዬ መነፅሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየች።

«ቤታችን እንዲህ ነው እንዴ?» አለች።

ጋሼ ሲኖሩበት አይታይም፣ ዓይንሽ ለምዶት ነው አላት። እትዬ ስልኩን አቅርባ አራቀች። «መጋረጃውን በረኪና ጨምሬ ነው እኮ ያጠብኩት» አለች ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትመለከት። መጥረጊያ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ለእሷ ስል ነው ብላ ዋጠችው።

ደላላው ግን ጋሼ አይደለም። ፎቶዎቹን ባየ ቀን ደወለላት። «አመመሽ እንዴ?»

«ቤቱ ያው ነው። አርጅቷል።»

ደላላው «እሺ» አላት፣ ለጠፈውም። ደላላ ያለ ክርክር እሺ ሲል መጠርጠር ነበረባት። ግን ደስ ብሏት ነበርና አልጠረጠረችም።

በሁለት ወር ውስጥ የመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ግቢውን ከበር ላይ አይቶ ስልክ የተደወለለት መስሎ ተመለሰ። ሁለተኛዋ መታጠቢያ ቤቱን ብቻ ጠይቃ፣ አይታ፣ «ፎቶው ላይ እንዳለው አይደለም እኮ» ብላ ተደነቀች፤ ቢሆንም አልገዛችም፣ ልቧ ቀድሞ ሄዷል። ጋሼ ዋጋ ቀነሰ። አሁንም ገዢ ሲጠፋ እንደገና ቀነሰ። መጥረጊያ በልቧ ይታክተዋል፣ ይተወዋል፣ እትዬም ትኖርበታለች ትላለች። እሑድ እሑድ ስትሄድ በሩ ያው በሩ ነው። ይኼ ለእሷ ድል ነበር።

በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ስትገባ እትዬ የልብስ መቁረጫ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጠመኔ ታሰምርበታለች። የቀሚስ ቅርጽ ግን አልነበረም። አራት ማዕዘን ነው፣ በአንድ ጎኑ ክፍት ቦታ አለው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ክፍሌ» አለች እትዬ። ከዚያም መጥረጊያ ከልጅነቷ ጀምሮ ያልሰማችው ብዙ ወሬ በአንዴ ከአፏ ወጣ። ከአውቶቡስ መነሻው አጠገብ የምትሸጥ አንዲት ክፍል አለች፤ በሯ ወደ መንገድ ነው፣ ከኋላ ለአልጋ የምትበቃ ጓዳ አላት፤ የክፍሏ ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ቤታችሁ እስኪሸጥ እጠብቅሻለሁ ብላታለች። እትዬም ክፍሏን በስፌት ሜትሯ ለክታለች። መስኮቱ ሁለት ሜትር ከሀያ ነው። መኪናው እዚህ ጋ፣ መስታወቱ እዚያ ጋ፣ ሙሽሮቹ ደግሞ መጋረጃ ጀርባ ይቀይራሉ።

መጥረጊያ ከወረቀቱ ቀና አለች። «እትዬ፣ አንቺ ከዚህ ቤት መውጣት ትፈልጊ ነበር?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ አልጋ ላይ ሳገላብጣት፣ ሳጥባት፣ ስደግፋት። እስካሁን አልጋው ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ አልጋው ከተሸጠ በኋላ እንኳ። ጋሼ ይሸጥ ሲል እኮ ተመስገን ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ያን ቀን ‹እናንተ እንዳላችሁ› ምን አመጣው?»

«ደስ ብሎኛል ልበል? እናቴ በሞተች ዓመት ሳይሞላ?» አለች እትዬ፣ እንደ ሞኝ እያየቻት።

መጥረጊያ በማግስቱ ማልዳ ደላላው ቢሮ ደረሰች። ቢሮ ማለት ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የተከፈለ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው ጥግ ነው። የዚያ ቤት ፎቶ ተበላሽቷል፣ ካሜራው ችግር ነበረበት፣ ዛሬውኑ በነፃ ደግሜ አነሳዋለሁ አለችው። ደላላው አንዱን ስልክ አስቀመጠ። ሁለተኛውንም አስቀመጠ። ይኼ የማይደረግ ነገር ነው።

«ቀብድ ተበልቷል» አላት። «ቅዳሜ። ወንድምሽ በውክልናችሁ ፈርሟል፣ አልነገረሽም?»

ገዢው አዳሹ ነው። አዳሹን በስም ታውቀዋለች፤ አሮጌ ቤት ገዝቶ አድሶ የሚሸጥ፣ ስድሳ ያለፈው ሰው ነው። አርብ እትዬ ገበያ በሄደችበት ከጋሼ ጋር መጥቶ ሳሎኑን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ጣራው ውስጥ ወጥቶ እንጨቱን በቢላ ወጋ ወጋ አደረገ፣ ግድግዳውን በጉልበቱ መታ፣ ቧንቧውን ከፍቶ የውኃውን ኃይል በእጁ ያዘ። ቤቱ ጤነኛ ነው። በዚያው ቀን ተስማማ፣ ያውም ጋሼ ሁለት ጊዜ ከቀነሰው ላይ ሌላ አስቀንሶ።

«እንዴት አገኘው? ማን ላከው?» አለችው።

«አዳሹን ማንም አይልከውም። ራሱ ነው የሚለቅመው። ጥሩ ፎቶ ያለው ቤት አጠገብ አይደርስም፤ ያ ባለቤት ቤቱን ያውቃል፣ ይጠብቃል ይላል። እሱ የሚፈልገው መጥፎ ፎቶ ነው። መጥፎ ፎቶ ያለው ቤት ባለቤቱ ወይ ደክሞታል፣ ወይ ቸኩሏል፣ ወይ ወንድማማች ተጣልተዋል።»

«አንተ ይኼን እያወቅህ ነው የለጠፍከው?»

«እንጀራዬ እኮ ነው። ‹ቤቱ ያው ነው› ያልሽኝ አንቺ፤ የቤተሰብ ነገር ነው ብዬ አፌን ያዝኩ።»

መጥረጊያ ወንበሩ ላይ ቀረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥሩ ፎቶ ማን እንደሚያይ ስታጠና ኖራለች፤ ሙሽሮች የትኛው ላይ እንደሚቆሙ፣ ልጅ ያላቸው ሰዎች የትኛው ላይ፣ ጡረተኞች የትኛው ላይ። መጥፎ ፎቶ ማን እንደሚያይ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። የሚያየው የለም ብላ ነበር የምታስበው። ጎበዝ ሠራተኛ የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ የተበላሸ ሥራም ደንበኛ እንዳለው አያውቅም።

ገና ጊዜ ነበራት። ቀብድ ቢፈርስ እጥፉ ይከፈላል፣ ከባድ ነው፣ ግን ይፈርሳል። በእግሯ እስከ ጋሼ ሱቅ ሄደች። ጋሼ በቀለም ቆርቆሮዎች መሀል ቆሞ ጭነት ያስወርድ ነበር። ሲያያት ላቡን ጠረገና «ተገላገልን» አላት። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር። ለመናገር የተዘጋጀችው ሁሉ በአንድ ጥያቄ እንደሚያልቅ ታያት፤ «ለምን እንዲህ አነሳሽው?» ይላታል። መልሱን ደግሞ ሠራተኞቹ ፊት መናገር አለባት።

«እንኳን ተገላገልን» ብላው ወደ ቤቷ ሄደች።

የእትዬ ድርሻ ለዚያች ክፍል አልበቃም። ሲሶው ጎደለ። ባለቤቲቱ አንድ ወር ጨምራ ጠበቀቻትና ክፍሏን ለስልክ ሻጭ ሸጠቻት። እትዬ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የኪራይ ክፍል ገባች። መስኮቱ ወደ ጋራዡ ግቢ ነው፤ ከፍታው ከራስ በላይ፣ ብርሃን አያስገባም፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ግን ያስገባል። ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ አያድርበትም። የሙሽራ ቀሚስ የሚያሰፉ ሁለት ሦስት ሴቶች መጥተው ሽታውን በአፍንጫቸው ሳቡና አልተመለሱም። የቀራት ሥራ ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ሆነ።

ጥፋተኛው ደግሞ ለእሷ ግልጽ ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ» ትላለች፣ ፔዳሉን እየረገጠች። «እሱ አፈሰ፤ የምለቅመው ግን እኔ ነኝ። ለመጋዘን ብሎ።» ጋሼ ሲደውል አታነሳም። በኩላሊት ጠጠር ተይዞ ሆስፒታል ሲተኛ እንኳ አልጠየቀችውም፤ እህት ታላቅ ወንድሟን ታሞ አለመጠየቋ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሼም ተቀየመ፣ እሷ ድሮም ልቧ ጥቁር ነው አለ።

መጥረጊያ በሁለቱም ጆሮ ትሰማለች። ዳቦና ስኳር ይዛ ትመጣለች፣ በጋራዡ ጎን አልፋ ትገባለች፣ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አንድ ቀን እትዬ ክፉኛ ስታማርር የሆነ ነገር ማለት ነበረባትና «ጋሼ ድሮም እንዲያ ነው» አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። አልመለሰችውም።

ከአምስት ወር በኋላ ደላላው ደወለ። አዳሹ ቤቱን ጨርሷል፣ ፎቶ ይፈልጋል፣ «ጥሩ አንሺ ካመጣህ ነው» ብሏል። ሌላ ሰው ፈልግ ማለት ትችል ነበር። ሌላ ሰውም ይገኝ ነበር። ሥራ ቀዝቅዞባታል፣ ያም አንድ ነገር ነው። ከዚያ ይበልጥ ግን የእናቷ ቤት የመጨረሻ ፎቶ በእጇ የተጋደለው ሆኖ እንዲቀር አልወደደችም። ሄደች። አዳሹ ግድግዳውን ነጭ ቀብቶታል፣ ወለሉን ቀይሮታል፣ አራቱ ጉድጓዶች የሉም። ልክ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካሜራዋን በደረቷ ልክ ጥጉ ላይ አቆመች። ማዕዘኖቹን አቀናች። ሁሉንም አምፖል አጠፋች። ብርሃኑ ወለሉን አቋርጦ እስከ ጓዳው በር ሄደ።

አዳሹ ፎቶውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «በፊት የነበረውን ማን እንዳነሳው ባውቅ» አላት፣ «እጁን ስሜ ሌላም ቤት እንዲያሳየኝ እለምነው ነበር።»

ቤቱ በዘጠነኛው ቀን ተሸጠ። ጋሼ ከሸጠበት እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ወሬው እትዬ ዘንድ የደረሰው በአንዲት ደንበኛ ነው። ሴትዮዋ ዚፕ እስኪቀየርላት ቁጭ ብላ በስልኳ ቤት ታያለች፣ እንዲህ ያለ ቤት እኮ ለኛ አይደርሰንም እያለች ስልኩን ወደ እትዬ ዘረጋችው። እትዬ ቀለሙን አላወቀችውም። መስኮቱን አወቀችው።

በማግስቱ መጥረጊያ ስትመጣ እትዬ መኪናውን አቁማ ጠበቀቻት። ስልክ ቁጥሯን ለደንበኛዋ ሰጥታ ፎቶውን ልኪልኝ ብላታለች፤ በራሷ ትንሽ ስልክ ላይ ከፈተችው።

«ይኼን አንቺ ነሽ ያነሳሽው?»

«አዎ። ቀለም ተቀብቶ ነው እንጂ …»

«ቀለሙን ተይው። እኔ የማየው ብርሃኑን ነው። ሀያ ሁለት ዓመት መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ያስገባሁት በዚህ ብርሃን ነው። ሁለት ሰዓት ነው ይኼ። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ላይ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ነበር። ሻይ ላፍላ ብልሽ ጎረቤት ሰደድሽኝ።»

መጥረጊያ ነገረቻት። ሀያውንም ጥፋት፣ ክዳኑን፣ ባልዲውን፣ አምፖሉን፣ አንድ በአንድ። ደላላው ያላትንም፣ ጋሼ ሱቅ ድረስ ሄዳ መመለሷንም ነገረቻት። እትዬ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ መጥረጊያ «እንዳትወጪ ብዬ ነው» አለች።

«ጠይቀሽኝ ነበር?»

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። መዶሻው ቆመ። ከዚያ እትዬ ስልኩን አቀበለቻት። «ደውይልኝ» አለች። «ለጋሼ። ጋሼን ስንት ወር ረገምኩት።»

መጥረጊያ ደውላ ሰጠቻት። እትዬ ወንድሟን ስለ ኩላሊቱ ጠየቀችው። ታሞ ሳትጠይቀው መቅረቷን ይቅር እንዲላት ለመነችው፣ በአፏ እንደበደለችው ነገረችው። ጋሼ ምን ተገኘ፣ ማን ምን አለሽ ብሎ ሲጠይቃት ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። «ምንም» አለችው። «አሁን ነው የገባኝ።» የመጥረጊያን ስም አላነሳችም። ስልኩን ዘጋች፣ መነፅሯን አደረገች። «እሱ እንዲያውቅ ከፈለግሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ» አለችና ፔዳሉን ረገጠች።

መጥረጊያ እስካሁን አልነገረችውም። ቤቶች ታነሳለች፣ ማዕዘኖቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ደላላውም ይደውልላታል። እትዬ ዘንድ ዳቦና ስኳር ይዛ ብትሄድ እትዬ ተቀብላ ታስቀምጠውና እንደ ማንኛውም ደንበኛ «ምን ይሰፋልሽ?» ትላታለች። የሚሰፋ ነገር ከሌላት ወሬ የለም፤ ሌላ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ አሁን ከመሄዷ በፊት ደህናውን ሱሪዋን አውጥታ ዚፑን በእጇ ትበጥሳለች። እትዬ ሱሪውን ገልብጣ፣ ዚፑን ወደ አምፖሉ አስጠግታ ታየዋለች። ያረጀ ዚፕና ሆን ተብሎ የተበጠሰ ዚፕ ለይታ ታውቃለች። ዋጋውን ትነግራትና «ማክሰኞ መጥተሽ ውሰጂ» ትላታለች።